ሁለት ስምንት ይዞ ቀድሞ መናገር

ቀድሞ መናገር አልወድም። ሰው ቤት ስገባ እንኳ ሰላምታውን ሌላ ሰው ይጀምርልኝ ብዬ ደጃፍ ላይ እዘገያለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። እነሱ በደርግ ጊዜ ቆቦ ላይ አላስተማሩም።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የውይይት ክበብ ነበረን። ሰብሳቢው የታሪክ መምህሩ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። "እስቲ ጓዶች ተናገሩ" ይልና እሱ ግን መጨረሻ ላይ ይናገራል። እኛ ላባችንን እየጠረግን እንተያያለን፤ ቀድሞ አፉን የከፈተ ሰው ቃሉ ሲሰነጠቅ እንደሚውል እናውቃለን። አንድ ሐሙስ የሳይንስ መምህሩ ስለ ዝናቡ መጥፋት ሁለት ቃል ጣል አደረገ። ሰብሳቢያችን ለስለስ ብሎ "ወንድሜ፣ እስቲ አብራራልን" አለው። በሳምንቱ የሳይንስ መምህሩ አልጋ ባዶውን አደረ። ማን ወሰደው፣ ማን ነገረበት፣ የጠየቀ የለም። እኔ ግን "ወንድሜ" የምትለዋን ቃል ያዝኩ። ይህ ሰው ዘመድ ያደረገው ሰው አለቀለት አልኩ በሆዴ።

ክረምት ሊገባ ሲል ዳይሬክተሩ ጠራን። ከሌላ አገር ተመድበን የመጣን መምህራን ሁሉ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ቆቦ እንቆያለን፤ ከመካከላችን ለአንድ ሰው ብቻ የይለፍ ወረቀት ይሰጠዋል፣ አገሩ ደርሶ ይመለሳል። "ማን እንደሚሄድ ራሳችሁ ተስማሙ" አለ። እናቴ ጎጃም ታማ ተኝታለች። "ዓይኗ በር በሩን ነው የሚያየው" የሚል ቃል በመንገደኛ ደርሶኝ ነበር። ይህን ግን ለአንድም ባልደረባ አልተነፈስኩም። የምትሳሺለትን ነገር ካወቁ በዚያው ይይዙሻል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

ዳይሬክተሩ ዕጣ ጣሉ ሲለን ሁላችንም ሳቅን። ቀበሌ ስኳር በዕጣ ሲያከፋፍል ሁልጊዜ የሚወጣላቸው ቤቶች የታወቁ ናቸው፤ ቆቦ ውስጥ በዕጣ የሚያምን ሰው አልቀረም። መላውን ያመጣው የሂሳብ መምህሩ ነው። አስመራ ሳለ ከአንድ ፈረንጅ ወታደር ፖከር የሚባል የካርታ ጨዋታ ተምሯል። "ካርታው ራሱ ይፍረድ" አለን። እርግጥ ጨዋታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ማታለል ነው፤ ግን ፊት ለፊት የሚደረግ ማታለል ከቀበሌ ዕጣ ይሻላል ብለን ተስማማን።

የተጫወትነው በአከራዬ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ከጎብዬና ከሮቢት ገበሬ ማሽላ የሚገዙ የቆቦ ሽማግሌ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል። በሩ ላይ ቆመው "ቁማር ሐራም ነው ልጆቼ" አሉ። ገንዘብ የለበትም ብለን ማልንላቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ "ታዲያ ምናችሁን ነው የምትበላሉት?" አሉን። ብቻ ለእያንዳንዳችን በጣሳ ማሽላ ሰፈሩልን፤ መወራረጃችን እሱ ሆነ።

ሕጉ ቀላል ነው። ለሁሉም ሁለት ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል፤ ከዚያ ሁሉም የሚጋራቸው ካርታዎች መሃል ላይ ይገለጣሉ፣ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ። በእጁ ካለውና መሃል ካለው ትልቁን ጥንድ ያገጣጠመ ይበላል። በየመሃሉ ማሽላ እየጣልን እንፎካከራለን። የፈራ ካርታውን ያስቀምጣል፣ ማሽላው ያለቀበት ይወጣል፣ መጨረሻ የቀረው ወረቀቱን ይወስዳል። ያደለው ሰው ምንጊዜም መጨረሻ ይናገራል፤ መናገር ማለት ልጣል ወይስ ልለፍ ብሎ መወሰን ነው። ንጉሡ ያለበትን ካርታ "ሽማግሌው" እንለው ነበር፤ በዚያ ዘመን ጮክ ብሎ "ንጉሥ አለኝ" የሚል ሞኝ ከየት ይመጣል።

የሂሳብ መምህሩ ሲያስተምረን አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። "ሰባትና ሰባት፣ ስምንትና ስምንት ከደረሰሽ ተጠንቀቂ። ለማስቀመጥ ያሳሳል፣ ለመተማመን ያንሳል። ይልቁንም ቀድመሽ የምትናገሪው አንቺ ከሆንሽ። ባላጋራሽ አብዝቶ ከጣለብሽ አስቀምጪው።"

እሱ ራሱ ቶሎ ወጣ፤ አስተማሪ መሆን ሌላ፣ ማሸነፍ ሌላ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ። ጣራው በፀሐይ ሲንጣጣ እኔና ሰብሳቢው ብቻ ቀረን። ያደለው እሱ ነው። ካርታዬን ገለጥ አድርጌ ባይ ሁለት ስምንት። ትንሽ ማሽላ ጣልኩ፣ እሱም እኩሉን ጣለ። መሃል ላይ አራት፣ ዘጠኝና ሽማግሌው ወጡ።

ዘጠኝ ከያዘ በልጦኛል፤ ሽማግሌው ካለው ይብስ። ማሽላ ብጥል፣ እሺ ብሎ የሚከተለኝ የተሻለ ካለው ነው። ዝም ብል መፍራቴን ያያል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያለሁ መሰለኝ። እሱ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ "እህቴ፣ ተናገሪ እንጂ" አለኝ።

እህቴ አለኝ። ያ ባዶ አልጋ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ምንም አልጥልም ለማለት ጠረጴዛውን በጣቴ መታ መታ አደረግኩ። እሱ ማሽላውን በሙሉ በክንዱ ሰብስቦ ወደ መሃል ገፋው። ምክሩ ግልጽ ነበር፤ አስቀምጪው ነው። እኔ ግን ንዴት ሲይዘኝ ምክር አይገባኝም። ይህ ሰው ስብሰባውን ወሰደ፣ እንቅልፌን ወሰደ፣ አሁን እናቴን ሊወስድ ነው። ያለኝን ማሽላ ሁሉ ገፋሁት።

ካርታውን ገለበጠ። ሁለትና ሰባት፣ ከምንም የማይገጥም። የቀሩት ሁለት ካርታዎችም ምንም አልጨመሩለትም፤ ወረቀቱ የኔ ሆነ። ተነሣና መነጽሩን አጠለቀ። "ለእናትሽ ሰላም በይልኝ፣ እግዜር ይማራቸው" ብሎኝ ወጣ።

እናቴ መታመሟን ማን ነገረው? እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ሁለትና ሰባት ይዞ ሁሉን የሚገፋ ሰውስ ምን ፈልጎ ነው? ደስታዬ እዚያው መጋዘን ውስጥ ቀረ። ከቆቦ ሊያርቀኝ ነው አልኩ። ሮቢት ኬላ ላይ ወረቀቴን ሲያዩ አሁን ያስወርዱኛል አልኩ፤ ጎብዬ ላይም እንዲሁ፤ ወልድያ ላይ ሳልጠራ ተነሥቼ ቆምኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ያም ራሱ አጠራጠረኝ።

እናቴን አገኘኋት። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ እጇን ይዣለሁ፣ ጆሮዬ ግን ደጅ ነው። ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሣለሁ። ስለ ቆቦ ስትጠይቀኝ ጎረቤት እንዳይሰማ በአጭሩ እመልሳለሁ። በሌለሁበት ምን እየተባለብኝ ይሆን እያልኩ የፈቃዴ ቀን ሳያልቅ ጓዜን ሸከፍኩ። ስሰናበታት ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ "መጣሽ እንጂ አልደረስሽም ልጄ" አለችኝ። መንገድ ይመሽብኛል ብዬ ወጣሁ።

ማሽላው ታጭዶ ሳያልቅ፣ አንድ ማለዳ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። በቀዳዳው አየሁ። ጋቢ የለበሱ ወንዶች ናቸው፤ ፊት ለፊት የቆመው ሰብሳቢው ነው። በዚያ ዘመን በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ከፈትኩና አንዳቸውም ትንፍሽ ሳይሉ "እኔ ምንም አላልኩም፤ ስለ ዝናቡ የተናገርኩት እኔ አይደለሁም" አልኳቸው።

ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከኋላቸው ሀጂ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ወደ ፊት መጡ። "መንገደኛው ያደረው እኔ ዘንድ ነበር ልጄ። የእናትሽን መታመም ለዚህ ለሰብሳቢያችሁ የነገርኩት እኔ ነኝ። አሁንም ቃሉ የመጣው በኔ ነው፤ አላህ ጽናቱን ይስጥሽ" አሉ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ነበር። "እህቴ፣ እናታችን አርፈዋል" አለኝ።

መርዶ በማለዳ እንደሚነገር እንኳ ረስቼ ነበር። እናቴ ሞተች ሲሉኝ፣ ከእንባዬ ቀድሞ ከአፌ የወጣው "ተመስገን" ነው።