አባቴ ኪኒኑን ለምን ተዉት

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የደም ግፊት ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። «ባያምዎትም ይዋጡት፤ ግፊት ሳያሳምም ነው የሚጥል» የምለውን በቀን ስንት ጊዜ እንደምደጋግመው አላውቅም። አፌ ይህን ሲል ሐሳቤ ግን ሐይቁን ተሻግሮ ደቅ ደሴት ይውል ነበር። አባቴ እዚያ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ግፊት ከተገኘባቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ስደውል ኔትወርኩ አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ሲይዝም መልሳቸው አንድ ነው።

«እየወሰድሁ ነው፣ ልጄ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ድምፃቸውን አላምነውም ነበር። ምሳዬን አቋርጬ እደውላለሁ፤ ታካሚ እየለካሁ ስልኬን አያለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት «ልጄ፣ ክንዴን አሳመምሽኝ እኮ» ሲሉኝ ነው ጨምድጄ እንደያዝኋቸው የታወቀኝ።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከደቅ የመጣ ጎረቤታችን መድኃኒት ቤት በር ላይ አገኘኝ።

«አባትሽ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሳለ ተንገዳገዱና ሰው ደግፎ አወጣቸው። አሁን ደኅና ናቸው።»

ደኅና ያለውን ጆሮዬ አልያዘውም። ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ ጀልባ ተሳፈርሁ። ማዕበል ስለነበር መንገዱ ረዘመብኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ብድግ ስል ጀልባ ነጂው «እህቴ፣ ተቀመጪ፤ ስለቆምሽ አይፈጥንም» አለኝ።

አባቴን ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠመጠምሁት። መቶ ዘጠና በመቶ አሥር።

«መድኃኒቱስ?»

መልስ ሳልጠብቅ ገባሁና ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት ፈታሁ። በቅርብ ወራት የላክሁት ሁሉ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ይዤው ወጣሁ።

«በጾሙ ምክንያት ነው፣ አባባ? ለታመመ ሰው እኮ…»

«ጾሙ አይደለም» አሉ፣ ዓይናቸውን አሽሽተው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ኪኒን ሽንት ያመላልሰኛል። ቅዳሴ አቋርጬ ስወጣ ሕዝቡ ሁሉ ያየኛል። ይህን ደግሞ ለሴት ልጄ እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ከረጢቱን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እስከዚያ ቀን ስንቱን ታካሚ «ለምን አልወሰዱም?» ብዬ ተቆጥቻለሁ። «ምን አስቸገረዎት?» ብዬ የጠየቅሁት ግን ጥቂቱን ነው።

«ሽንት የማያመላልስ ሌላ ዓይነት አለ፣ አባባ።»

«አለ? ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ነገረኝ?»

ይዣቸው ተሻገርሁ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለወጠላቸውና ከቅዳሴ መልስ እህል ሲቀምሱ እንዲውጡት ተስማሙ። በወሩ ስለካቸው ግፊታቸው ወርዷል። እሳቸው በኩራት ባዶውን ማሸጊያ ዘረጉልኝ፤ እኔ ግን ደግሜ ለካኋቸው፤ ከዚያም ሦስተኛ። ልቤ እንዲህ በቀላሉ የሚያርፍ አይደለም።

አሁን ክፍሌ የገባ ታካሚ ካለ መጀመሪያ በሩን እዘጋለሁ። መለኪያውን ሳላነሣ ስለ ኪኒኑ እጠይቃለሁ፤ እስኪመልሱልኝም እጠብቃለሁ። ባለፈው ሰሞን ከይፋግ የመጡ አንዲት እናት ብዙ ከተቅለሰለሱ በኋላ ኪኒናቸውን ከባላቸው ጋር እንደሚካፈሉ ነገሩኝ። ባልየው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ኖሯል። ጠራኋቸውና ለእሳቸውም ካርድ አወጣሁላቸው።