ሞተሩ ሳይከፈት

አባቴን፣ አላህ ይማረውና፣ ሳስበው የሚመጣብኝ ደሴ አይደለም። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ካንሳንጋ ሰፈር በተከራየነው ቤት ግቢ ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጦ መፍቻዎች በናፍጣ ሲያጥብ ነው የሚታየኝ።

የመጣው የልጅ ልጁን ሊያይ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደሴ ያለው ቤት ውስጥ የሚኖረው ብቻውን ነበር። እኛ ጋ ክረም ብንለው አሻፈረኝ አለ። ያለ ሥራ ልጁ ቤት መክረም ለእሱ ነውር ነው። ሻንጣውን ሸክፎ ሳለ አሮጌዋ መኪናዬ ነጭ ጭስ ትተፋ ጀመር። የዘይት መለኪያውን መዝዞ ቢያየው ዘይቱ ከውሃ ተቀላቅሎ የሰፈሩን የወተት ሻይ መስሏል።

«ጓርኒሲዮኗ ተቃጥላለች» አለ። የሞተሩ ራስ ከሥሩ የሚታሸግባትን ስስ ማሸጊያ ማለቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ የሠራ ሰው ነውና «እሷን ሠርቼላችሁ እሄዳለሁ» ብሎ ሻንጣውን አልጋ ሥር መለሰው።

እኔ በሁለት ቀን ያልቃል ብዬ ነበር። ምን ያልቃል! አባቴ ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ ፊቱ ካልተደረደረ ሞተር አይከፍትም። ኪሰንዪ፣ መለዋወጫ ገበያው ድረስ ሄጄ ጓርኒሲዮኗን ገዝቼ መጣሁ፤ ወደ ፀሐይ አንስቶ ቀዳዳዎቿን አየና «ጥሩ ናት፤ የድሮዋን ፍቀን የምናነሳበትስ?» አለ። መፋቂያ አመጣሁ። ቀጥሎ የሞተሩ ራስ መጣመም አለመጣመሙን የሚያይበት የብረት ማስመሪያ አስፈለገ። ከዚያ ደግሞ ቡሎን ሲጠብቅ ልኩን የሚያሳይ መፍቻ። በየቀኑ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጬ አቧራ እየጠጣሁ ተመላለስኩ። ስነጫነጭበት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለኛል።

የባለቤቴን ትልቅ የምግብ ትሪ ሳይቀር ወሰደባት። ቡሎኖቹ ሲወጡ በየቦታቸው ሊደረደሩበት ነው።

«ቡሎንም እንደ ሰው የየራሱ ቦታ አለው» አላት። «የአንዱን ቦታ ለሌላው ከሰጠሽ ይጣላሉ።»

የጅማ ልጅ ናት፣ በትሪዋ ማንም አይቀልድባትም። ለእሱ ግን ስቃ ሰጠችው።

አንድ ቀን ካቻቢቴ አምጣ አለኝ። ሳጥኑን ብከፍት ሦስት ካቻቢቴ ተኝተዋል። ደሜ ፈላ። ወደ ቤት ገብቼ «አራተኛ አምጣ ይለኛል! ጃጅቷል እንዴ ሰውዬው?» አልኳት። ባለቤቴ ሕፃኑን እያባበለች ቀና ብላ አየችኝ።

«መኪናው ሲያልቅ አባባ የት ነው የሚሄዱት?» አለች።

«ደሴ ነዋ» አልኳት።

«ደሴ ሲደርሱ ማን በር ይከፍትላቸዋል?»

ያን ሁሉ ቀን ዕቃ የጎደለው መስሎኝ ነበር። ወጥቼ ካቻቢቴውን ገዛሁለት።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ግን ዕቃው በእርግጥ ተሟላ። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ የተደረደረውን አንድ በአንድ እያየ ብዙ ቆየ። የሚጠየቅ ነገር አልቀረም።

«በቃ፣ ሞልቷል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ እንከፍታታለን። አንተም ትኬቴን ቁረጥልኝ።»

«አባባ፣ የውሃ ፓምፑስ?» አልኩት። «ሞተሩ ተከፍቶ ሳለ እሱን ሳንቀይር ልንዘጋው ነው?»

ፓምፑ አዲስ ነበር። እሱም ያውቃል፤ ጠዋት በእጁ ዳስሶ ደህና መሆኑን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። መፍቻውን በጨርቅ ጠራርጎ ወደ ሳጥኑ መለሰው።

«እውነትህን ነው» አለ። «ያለ እሱ አይከፈትም።»

«ነገ ኪሰንዪ እወርዳለሁ።»

«ነገ ጁምዓ ነው፣ ኪቡሊ መስጊድ አብረን እንሰግዳለን» አለኝ። «ደግሞም ቶሎ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ቀስ ብለህ ፈልግ።»