የእህቴን ደጅ በማለዳ የረገጥን ሦስት ሰዎች

ሐሙስ ጧት፣ ኩታበር

ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ የሰው ሬዲዮ አበላሽቼ አበላሽቼ ነው የተማርኩት። ዛሬ በኩታበር ገበያ የኔ እጅ ያልነካው ሬዲዮ ካለ ገና ያልተበላሸ ነው። ሰዉ ሁሉ አንድ ለአምስት ሲደራጅ እኔን የተዉኝ ለዚሁ መሰለኝ፤ ብቻዬን አንድ ለአምስት ነኝ።

ያን ሐሙስ ሱቄን ዘግቼ የተነሳሁት ግን ሰው ላንቅ ነው። የእህቴ የአስካለ ልጅ ሰናይት ሳውዲ ቤት ሠራተኛ ነች። ጊዜው ሳውዲ ያገራችንን ልጆች እያፈሰች የምታባርርበት ነበር፤ የሰናይት ድምፅ ከጠፋ ሰባት ሳምንት ሆነው። የላካት ደላላ መካነ ሰላም ሱቅ አለው። አንገቱን ይዤ "ልጅቷን ውለድ" ልለው ነው። ሚስቴ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝና፣ ደላላውን ካነቅሁ በኋላ እንድለቀው አደራ አለችኝ።

በመንገድ

ከደሴ የተሳፈርንበት አውቶቡስ አንዱ መስኮቱ ስለማይዘጋ ፌስታል ተወትፎበታል። ዳገቱን ጨርሰን ጉጉፍቱ ስንደርስ ብርዱ ፌስታሉንም ሹራቤንም ንቆ ገባ። ውጭው ገብስና በግ፣ ከዚያ ደግሞ በግና ገብስ ነው። በጎቹ እንኳ ተደጋግፈው ነው የቆሙት።

ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ባለኮፍያ ስለ ሳውዲ ያወራል። ሬሳ እንደ ማገዶ ተከምሯል፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚለይ የለም፣ ይላል። ከጎኑ ያለች ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ታነባለች። እሱ እንባዋን ሲያይ ይባስ ብሎ ይጨምራል። ደሜ ፈላ።

"አንተ ሰውዬ፣ በዓይንህ አይተሃል?"

"ሬዲዮ ነው ያለው።"

"ሬዲዮውን የምሠራው እኔ ነኝ። እንዲህ አላለም።"

አውቶቡሱ ሳቀ፤ ባለኮፍያው አፉን ዘጋ። እኔ ግን አልበረደልኝም። አጠገቤ ሸህ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከመካነ ሰላም ወዲያ ያለ ገጠር ነው ቤታቸው። የሳቸውም ልጅ እዚያው ሳውዲ ነው፤ ከሱም ወሬ የለም። ከደሴ ጀምሮ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ "አብሽር ልጄ" ይሉኛል። በመጨረሻ በሳቸውም ተናደድኩ፤ በመቁጠሪያ ስልክ አይደወልም አልኳቸው።

"ያንተ ቁጣስ ደወለልህ?" አሉኝ ፈገግ ብለው።

የሚስቴን ዳቦ ቆሎ ፈትቼ ዘገንኩላቸው። 

አቀስታ ላይ ለምሳ ቅቅል አዘዝኩ። መረቁ በጉን በስም ብቻ ነው የሚያውቀው። የምግብ ቤቱን ባለቤት ተቆጣኋት፤ እሷም መልሳ ተቆጣችኝና ተስማማን።

መካነ ሰላም፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት

ከመናኸሪያ በቀጥታ ደላላው ሱቅ ሄድኩ። ተቆልፏል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ሰውዬው ከጠፋ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው፣ እናቶች በየቀኑ እየመጡ በሩን አይተው እንደሚመለሱ ነገረኝ። የቆርቆሮውን በር በእግሬ ጠለዝኩት። በሩ ምንም አልሆነም፤ የኔ አውራ ጣት አበጠ። እያነከስኩ የሰውዬውን ዘር ማንዘር ረገምኩ። ልብስ ሰፊው መርፌውን አቁሞ እስክጨርስ ጠበቀኝና፣ "አሁን ልሥራ?" አለኝ።

ቁጣዬ ሲያልቅ ከሥሩ ፍርሃት አገኘሁ። እዚያው ከከተማው ወጣ ብላ የምትኖረው እህቴ ፊት ባዶ እጄን እንዴት ልቁም? ስለዚህ ሽማግሌ ልይዝ አሰብኩ፤ ያጽናኑልኛል ብዬ። ሸህ ይመር እዚያው ከተማ ማደራቸው ነው፣ መንገዳቸውም በእህቴ ደጅ ነው፤ ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ጋሽ አየለም እሺ አሉኝ። ሸህ ይመር የሱብሂ ሶላታቸውን ሰግደው በማለዳ እንድንወጣ ተስማማን።

ዓርብ ማለዳ፣ አስካለ ደጅ

እንግዲህ የኔን ብልህነት ተመልከቱ። ሦስት ወንዶች፣ ሁለቱ ሽበታም፣ ለብርዱ ጋቢ ተከናንበን፣ ሳንነጋገር፣ ፀሐይ ሳትወጣ የሴትዮዋን ደጅ ረገጥን። ባገራችን እንዲህ ሆኖ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። ይህን ያላሰብኩ፣ የኩታበሩ ሊቅ!

አስካለ ደጅ ላይ ቆማ ነበር፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ። አየችን። አንድ በአንድ ቆጠረችን። አልጮኸችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና፣

"ግቡ፣ ተቀመጡ። መጀመሪያ አቡነ ዘበሰማያት እንድገም። ከዚያ የመጣችሁበትን ትነግሩኛላችሁ" አለች።

ጎረቤቷ ዘይነባ ከአጥር ማዶ አይታን እየሮጠች ደረሰች፤ ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳች። አስካለ ያዘቻት። "አንቺ ባንቺው፣ እኔ በኔው። አሁን ያዢኝ።"

አንዷ አቡነ ዘበሰማያት፣ አንዷ ዱዓዋን ያዙ። ሸህ ይመር መዳፋቸውን ዘረጉ። አስካለ አንድም ቃል አልዘለለችም። እኔስ? ባውቶቡስ ሙሉ ሰው ፊት የተናገርኩት ሰውዬ፣ "መርዶ አይደለም" የምትል ሁለት ቃል ካፌ አልወጣ አለች። ጸሎቱ እስኪያልቅ ደርቄ ቆምኩ።

"አስኩዬ፣ ምንም አልሰማንም" አልኩ በመጨረሻ። "ልንጠይቅሽ ነው የመጣን።"

ጋቢዬን ከላዬ ገፍፋ በጋቢዬ ገረፈችኝ። "አንተ ደምስ! አፍህ እስካሁን የት ነበር?" ሽማግሌዎቹም አልገላገሉኝም። ሲወጣላት ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኛም አብረን።

ኋላ ነገረችኝ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ጧት ጧት እዚያ ደጅ ላይ የምትቆመው ይህንኑ ስትጠብቅ ነው። መርዶው ቢመጣ ከጀርባዬ እንዳይደርስብኝ ብላ ፊቷን ወደ መንገድ አዙራ ትጸልያለች። እግዚአብሔር ልጄን አይነካብኝም ብላ አይደለም፤ ቢነካብኝም ብቻዬን አይተወኝም ብላ ነው። "ያልቆምኩት አንድ ቀን ነው" አለችኝ። "አንተ ደውለህ የሬዲዮውን ወሬ የነገርከኝ ማግስት። ያን ቀን ከመኝታዬ አልተነሳሁም።"

ደውዬላት ነበር። ጨማምሬ ነበር የነገርኳት፣ እንደ ባለኮፍያው።

እሑድ፣ ኩታበር

በመመለሻዬ መንገድ ላይ በሌላ ሰው አልተናደድኩም፤ ቁጣዬ ለራሴም አልበቃኝ። ሸህ ይመርን "አብሽሩ" ብዬ ነው የተሰናበትኳቸው። ይህን ስጽፍ ሰናይትም፣ የሳቸው ልጅም አልደወሉም።

ሱቄን ስከፍት የጎረቤቴ ሚስት ከድጃ ጠብቃኛለች። እህቷ ጅዳ ናት። "ደምስ፣ ሬዲዮው ምን አለ ዛሬ?" አለችኝ። ሬዲዮው ብዙ ብሏል። በፊት ቢሆን ወንበር ስቤ እጀምርላት ነበር።

"ተቀመጪ" አልኳት። "መጀመሪያ አንቺ ባንቺው፣ እኔ በኔው።"

አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ። መሐል ላይ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ፤ እዚያው ቦታ ጠፋኝ። ከድጃ የሷን ጨርሳ፣ እጆቿን እንደዘረጋች፣ ሳቋን ይዛ ጠበቀችኝ።