አይነሱ፣ እማዬ

ማርቆስ ከተማ ውስጥ ሥራነሽን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ድንች በልቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ሮብ ገበያ ከሚባለው ገጠር የሚወርደውን ድንች እየተረከበች ስትሸጥ ነው ዕድሜዋን ያጋመሰችው። ኩንታል ለማንሳት ወንድ አትጠራም፤ ደንበኛ በመራረጥ ሲያደርቃት «ወንድሜ፣ መርጠህ ልታገባው ነው ወይስ ልትቀቅለው?» እያለች ገበያውን ታስቃለች። ይቺ ለማንም የማትበገር ሴት አንድ ነገር ብቻ ትፈራለች፤ የሰው አፍ። «ሰው ምን ይለኛል» ያለች ዕለት አለቀ፣ ያ ሁሉ ወኔ ውሃ ይሆናል።

እናቷ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ ጭነው፣ ሮብ ገበያ አጠገብ ከገዛ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መሬታቸውን እንዳላማው የሚባል ጎረቤት በእኩል ያርስላቸዋል፤ እሳቸው ጓሯቸውን ይኮተኩታሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። ባለፈው ሐምሌ ደጃቸው ላይ ጭቃው አዳልጧቸው ወደቁ። የተሰበረው የእጃቸው አንጓ ነው። ሥራነሽ ግን መርዶ እንደሰማ ሰው እየጮኸች ሄዳ፣ በመኪና ጭና ማርቆስ ቤቷ አመጣቻቸው።

ከዚያ በኋላ የነበረው እንክብካቤ፣ እናንተ ሆዬ! ምግቡ ካሉበት ይመጣል፣ እግራቸው በሙቅ ውሃ ይታጠባል። እማሆይ ገና ከመቀመጫቸው ቀና ሲሉ «አይነሱ፣ እማዬ! አፈር ስሆን አይነሱ!» ነው። ጎረቤቷ የኔአለም ይህን አይታ «ልጅ ማለት ሥራነሽ ናት፤ እናቷን እኮ መሬት አታስረግጥም» እያለች ለሰፈሩ አወራች። ሥራነሽ ወሬው በጆሮዋ ሲገባ ማር ማር አላት።

እማሆይ ግን አልተዋጠላቸውም። «የማይነሳ ሬሳ ነው፤ እኔ ገና አለሁ» ይሏታል። ሐሳባቸው አንድ ነው፤ ገብሳቸው ሳይወቃ ቤታቸው መግባት፣ ከራሳቸው ደጅ ቆመው የራሳቸውን አውድማ ማየት። ነገር ግን እጃቸው ሲድን እግራቸው እምቢ አለ። ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ የከረመ እግር ምን ያድርግ? ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ግድግዳ የሚዳብሱ ሆኑ።

ጀሶውን የፈታላቸው ሐኪም ይህን አይቶ ፀደንያን ላከላቸው። ፀደንያ ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ የደከመ ሰው ቤቱ ድረስ እየሄደች እንቅስቃሴ ታሠራለች። ንግግሯ ለስለስ ያለ ነው፣ ግን የሆዷን ሳትናገር አትወጣም። የመጣች ዕለት ከእማሆይ በፊት ቤቱን ነው የመረመረችው። ሲሚንቶው ላይ የተነጠፈውን የላስቲክ ምንጣፍ በእግሯ ገፋ አድርጋ «ይሄ ይነሳ» አለች። እማሆይ የሚቀመጡባትን አጭር ዱካ አየችና «ይቺም ትቅር። ግራ ቀኝ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ይፈለግላቸው» አለች።

«የወደቁት እናቴ ናቸው እንጂ ቤቱ አይደለም» አለቻት ሥራነሽ።

«እንዲህ ዓይነት ቤት ነው ሰው የሚጥለው፣ እትዬ። ቤቱና መቀመጡ።»

ሥራው ተጀመረ። መደገፊያውን ይዞ መነሳት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ ደግሞ መነሳት። ጠረጴዛ ተይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ በአንድ እግር መቆም። እማሆይ «በስተርጅና ዳዴ ታስተምሪኝ?» እያሉ ይስቃሉ፤ ስግደት የለመደ ጉልበት ነውና ግን አልሰነፉም። አንድ ቀን የኔአለም ድንገት ገብታ እማሆይ ሲነሱ ሲቀመጡ፣ ሲነሱ ሲቀመጡ አየች። «ውይ! ምነው ሥራነሽ፣ መነኩሲቱን ስፖርት ታሠሪያለሽ?» አለች። አቤት ያቺ ቃል! ሥራነሽ ያን ቀን ገበያም አልወጣች። ፀደንያ በመጣች ጊዜ ከበር ላይ አቁማ «ልጄ፣ ይብቃን። አሮጊቷን አሠቃየች መባል አልፈልግም» አለቻት።

እማሆይ ከውስጥ ሰምተው ኖሯል። የወንበራቸውን መደገፊያ ይዘው ተነሱ፣ ማንም ሳይደግፋቸው በሩ ድረስ መጡ። «አንቺ ለሰው አፍ ስትይ እኔ ልሰንከል?» አሏት። ሥራነሽ እንባዋ መጣ፣ አፈረችም። ከዚያ ወዲያ እንቅስቃሴው ቀጠለ፤ በሩ ተዘግቶ ነው ታዲያ።

ጥቅምት ሲያልቅ እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መጡ። ፊታቸው በራ። «ለኅዳር ሚካኤል ማግሥት ቤቴ እገባለሁ» አሉ። ሥራነሽ ደስ ሊላት ሲገባ ክው አለች። ሰለቸቻቸው ሊሏት ነው! እናቷን ገጠር ወርውራ መጣች ሊሏት ነው! ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተችና አንድ መላ መጣላት። በሚካኤል ቀን ዝክር ይዘከር፣ ሰፈሩ ይጠራ፣ እማሆይ በገዛ ፈቃዳቸው እንደሚሄዱ ሁሉም ከአፋቸው ይስማ።

ፀደንያ ነገሩን ወደደችው። «ብቻ ያን ምንጣፍ እንዳትመልሺው» አለቻት። «ቄጠማም አይጎዝጎዝ፣ ያዳልጣል። ወንበራቸውን ደግሞ ማንም እንዳይወስድባቸው።»

«እሺ ልጄ፣ እሺ» አለች ሥራነሽ። አፏ አለ እንጂ ልቧ አላለም። ያለ ቄጠማ ምን ዝክር አለ? የኔአለም ገብታ ባዶ ሲሚንቶ ብታይ ምን ትላለች?

የሚካኤል ዕለት ምንጣፉ ታጥቦ ተመለሰ፣ ከወንዝ የመጣ እርጥብ ቄጠማም በላዩ ተጎዘጎዘ። ቤቱ አማረ፣ እውነት ለመናገር። ዝክሩን የሚባርኩት ቄስ የት ይቀመጡ ሲባል እማሆይ ራሳቸው ከወንበራቸው ወረዱ። «ለንስሐ አባቴ ይሁን። እኔ ከሳቸው ከፍ ብዬ ልቀመጥ? በስመ አብ!» አሉና ዱካዋን አስመጥተው ተቀመጡባት። ሥራነሽ አየች። የፀደንያ ቃልም ትዝ አላት፣ አልረሳችውም። «ለአንድ ቀን ነው፣ ምን ይመጣል» አለች በልቧ። ወይ አንድ ቀን!

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ቤቱ ሁሉ ብድግ አለ። እማሆይም ለአባታቸው ሊነሱ፣ እጃቸውን እንደለመዱት ወደ ጎን ሰደዱ። መደገፊያ የለም። እጃቸው አየር ጨበጠ፣ እግራቸው ቄጠማው ላይ ሸርተት አለ። ቄሱ «በሚካኤል፣ አይነሱ!» ብለው ሳይጨርሱ እማሆይ በጎናቸው ወደቁ። ዳቦው ገና አልተቆረሰም ነበር።

የተሰበረው ዳሌያቸው ነው። ሐኪሞቹ ልባቸው ቀዶ ጥገና አይችልም አሉ፤ ወደ ሥራነሽ ቤት፣ ወደ አልጋ ተመለሱ። እንዳላማው ገብሱን ወቅቶ የድርሻቸውን በጆንያ ይዞላቸው መጣ። እማሆይ እፍኝ አስዘግነው አሸተቱት፣ «ደህና ደርቋል» አሉ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ፀደንያ ስትመጣ ሥራነሽ በር ላይ ጠበቀቻት። «ነግሬሽ ነበር በይኝ! ስደቢኝ እንጂ!» አለቻት ደረቷን እየመታች።

ፀደንያ ነጠላዋን አስቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል። «ነይ፣ እትዬ፤ ጀርባቸው እንዳይቆስል እንዴት እንደምናገላብጣቸው ላሳይሽ» አለች። ሥራነሽን ከስድቡ ይልቅ ይሄ አቃጠላት።

አሁን ሰፈሩ እየተፈራረቀ ይጠይቃል። ሥራነሽ ንግዱን ትታለች፤ ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። ጠያቂው ሁሉ አይቶ ያደንቃታል። በቀደም የኔአለም ገብታ «እንዲህ ያለች ልጅ ለጠላቴም አይንፈገው! እናቷን እኮ መሬት አታስረግጥም» አለች፣ ከልቧ። ሥራነሽ ያን ጊዜ የያዘችውን ሳህን ግድግዳ ላይ ብትወረውረው ደስ ባላት። ወርውራ፣ ጮኻ፣ «እኔ ነኝ የሰበርኳቸው!» ብላ ለሰፈሩ ብትነግረው። ግን ሰው ምን ይላታል? ሳህኑን አስቀመጠችና «ተመስገን ነው» አለች።

እማሆይ የኔአለም መግባቷን አይተው ነበርና፣ ለክብሯ ሊነሱ ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ። አንገታቸው ተንቀጠቀጠ። ሥራነሽ ሮጣ ትከሻቸውን ያዘች።

«አይነሱ፣ እማዬ።»

እማሆይ አዩዋት። ከዚያ ራሳቸውን ቀስ አድርገው ትራሱ ላይ መለሱ።

«እሺ፣ ልጄ» አሉ።

ከዚያ በፊት አንድም ቀን እሺ ብለዋት አያውቁም።