አርባው የባቄላ ፍሬ

በዚያች የሰኔ ጠዋት፣ ከአንኮበሯ ጎረቤላ አለፍ ብሎ በነበረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ በእኛ በአንደኛ ክፍሎች ቤት ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ አንድ እግሩ ባጠረ ጠረጴዛ ፊት የቆሙት መምህር ተሰማ፤ ፈታኝ ሆነው የተጠሩት የደብሩ አለቃ፤ ከበሩ አጠገብ መቋሚያቸውን የተደገፉት አባቴ መሪጌታ፤ ታናሽ ወንድሜን ያዘለችው እማዬ፤ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ በመስኮት አንገቱን ያሰገገ የሌሎች ልጆች ወላጅ፤ እኛ ሃያ ስድስት ተማሪዎች፤ ከሃያ ስድስቱም አንዷ፣ ከጎኔ የምትቀመጠው ሰዓዳ። የሰዓዳ ሰው ግን አልመጣላትም። አባቷ ቆላ ወርደው አልዩ አምባ የሚነግዱ ሰው ናቸው፤ እኛ ዘንድ ደጋ ላይ የምታሳድጋት አክስቷም ያን ቀን ገበያ ነበረባት።

ይህን ሁሉ ሰው ዛሬ አንድ በአንድ የምቆጥረው ጠዋት ባቄላ ስላመስኩ ነው። የልጅ ልጄ ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ላይ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። መነጽሬ ጠፍቶብኝ ስለነበር ከትምህርት ቤቱ የመጣውን ወረቀት ልጄ ታነብልኝ ጀመር፤ ባለ ቀለም እርሳስ፣ ሙጫ፣ መቀስ፣ ፎጣ፣ የውሃ ኮዳ፣ ብላ ብላ ስትጨርስ፣ "መቁጠሪያውስ?" አልኳት።

"የምን መቁጠሪያ፣ እማዬ?"

"የምትቆጥርበት ነዋ! ልጅቱ በምን ልትደምር ነው?"

ሳቀችብኝ። ልጆቼ ስጋታም ይሉኛል፤ አልዋሹም። በር ቆልፌ ሁለቴ ተመልሼ የምነካ፣ ልጄ አዲስ አበባ ሲሄድ ደውሎ "ጫጫን አለፍኩ" እስኪለኝ ድረስ እህል በጉሮሮዬ የማይወርድልኝ ሴት ነኝ። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ደህና ደህናውን ባቄላ መረጥኩ፤ አርባ ቆጠርኩ፤ እንዳይነቅዝም እሳት ላይ አመስ አመስ አደረግሁት። ሽታው ቤቱን ሲሞላው እጄ ማማሰያው ላይ ቀረ፤ እኔ ግን ከስልሳ ዓመት በፊት ወደነበረችው፣ አፈር በተነጠፈባት፣ ጉም በሚገባባት ክፍል ሄጄ ነበር።

ትምህርት ቤት የገባሁት በስንት ልመና ነው። አባቴ ወንዶቹን ልጆች ዜማ ሲያስተምሩ የሚውሉ ሰው ናቸው፤ ሴት ልጅ ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ ምን ታመጣለች ብለው እምቢ አሉ። መምህር ተሰማ ሦስት ጊዜ ቤታችን ድረስ መጥተው ለመኗቸው፤ በሦስተኛው አባቴ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ "አንድ ዓመት ትሞክር። አንደኛ ክፍልን ካለፈች ትቀጥላለች፤ ከወደቀች ግን እናቷ ሥር ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች፤ ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤት ስም እንዳይነሣብኝ።" እማዬ ቃሉን ሰምታ እንዳልሰማች ወጥ ታማስል ነበር፤ በማግስቱ ግን መምህሩ ያዘዙትን የመቁጠሪያ እህል ከማንም ቀድማ አዘጋጀችልኝ። "አርባ ፍሬ፣ ከማንኛውም ዓይነት" ነበር ትእዛዙ። እማዬ ባቄላውን ቆጥራ፣ ደግማ ቆጥራ፣ ያ ጉምና እርጥበት ያበሰብሰዋል ብላ ስለሰጋች አመሰችው። እንዲጣፍጥም ይሁን እንዲቆይ እንጃ፣ ጨው ነካ አድርጋ በከረጢት ቋጠረችልኝ። ስጋቱን የወረስኩት ከእሷ ነው። መቁጠሪያን ማመስ ግን ለሰባት ዓመት ልጅ ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰበችውም።

የአንደኛ ክፍል ትምህርት ያኔ ብዙ አልነበረም፤ ለእኛ ግን ዓለም ሁሉ ነበር። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ሲደወል ተሰልፈን አቡነ ዘበሰማያት እንደግማለን፤ ሰዓዳ ከንፈሯን ገጥማ፣ እጇን አጣምራ፣ ከሁላችን ይልቅ ጸጥ ብላ ትቆማለች፤ መምህሩም ተናግረዋት አያውቁም። ከዚያ ጤና አጠባበቅ ነው። መምህር ተሰማ በመስመሩ እየዞሩ ጥፍራችንን፣ ጆሯችንን፣ ማጅራታችንን ያያሉ። ውርጩ የምንጩን ውሃ እንደ ቢላ ባሳለበት ጠዋት አንገት ታጥቦ መምጣት ራሱን የቻለ ጀግንነት ነበርና፣ አንዳንዱ ልጅ ፊቱን ብቻ ታጥቦ ይመጣል፤ ፊቱና አንገቱ የሁለት ሰው ይመስላሉ። ቀጥሎ ፊደልና ንባብ ነው። ሰሌዳውን አርብ አርብ የባትሪ ድንጋይ ወቅጠን፣ ከቅጠል ጋር አሽተን የምናጠቁረው እኛው ስለነበርን እስከ ሰኞ እጃችን አይነጻም፤ እማዬም፣ "ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ከሰል ቤት የምትውለው?" ትል ነበር። ግብረ ገብ ደግሞ ነበረን፤ ታላቅን ማክበር፣ አለመዋሸት፣ የሰው አለመንካት፣ የተዋሱትን መመለስ። አራቱንም በዜማ ነበር የምንለው፤ ዛሬም ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኝ እሱ አልጠፋኝም። ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ ሲሆን እኔ ከጭቃ በቅሎ ሠርቼ ክፍሉ ሁሉ ዶሮ ናት አለኝ፤ መምህሩም ተመልክተው ተመልክተው፣ "እንቁላል ከጣለች ዶሮ ናት፤ እንይ" አሉ።

ቁጥር ግን የሰዓዳ ትምህርት ነበር። እሷ ያመጣችው ማሾ ነው፤ እኛ ደገኞች አይተነው የማናውቀው፣ ከአተር የሚያንስ አረንጓዴ የቆላ ፍሬ። የነጋዴ ልጅ ናትና እኛ አንድ ሁለት ስንል እሷ በጣቷ እየገፋች ሁለት ሁለቱን፣ አምስት አምስቱን ትቆጥረዋለች፤ ማሾው ባይኖርም አባቷ ከሶላት በኋላ እንደሚያደርጉት በጣቷ አንጓ ትቆጥራለች። ሐሳቧን ስትነግረኝ እንኳ "አንደኛ፣ ሁለተኛ" እያለች ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ጉዴ ፈላ። ያን ዓመት ሰባት ስለሞላኝ እስከ ቀትር እንድጾም ተፈርዶብኛል፤ የመሪጌታ ልጅ ነኝና ሰው ሁሉ ያየኛል። ሆዴ ግን መሪጌታ አልነበረም። የአንኮበር ጉም ደግሞ ሳያንኳኳ የሚገባ እንግዳ ነው፤ መስታወት በሌለው መስኮት ተንከባሎ ገብቶ ክፍሉን ሲሞላው መምህር ተሰማ የኋላውን ወንበር ማየት ያቅታቸዋል። "እዚያ ኋላ፣ አላችሁ?" ይላሉ። "አለን!" እንላለን። "አለን" ብዬ ስጨርስ አንዲት ባቄላ አፌ ውስጥ ናት። ድምፅ እንዳይሰማ አላኝካትም፤ እንደ ከረሜላ ጨውዋን እየመጠጥኩ አለሰልሳታለሁ።

ሰዓዳ አየችኝ። "መቁጠሪያ ይበላል እንዴ? ወላሂ ትወድቂያለሽ!"

"አንዲት ናት።"

"ትናንትም አንዲት ነበረች። ደግሞ ጾመኛ ነሽ!"

ስጋታም ነኝ አላልኳችሁም? በበላሁ ቁጥር እደነግጥና የቀረውን እቆጥራለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ፤ ሠላሳ ሰባት፤ ሠላሳ ስድስት። ፋሲካ ሲደርስ ከረጢቴ ውስጥ አሥራ አንድ ፍሬ ቀረች። እማዬን ልጠይቅ ብል ሌላው የት ገባ ትለኛለች፤ ከጎታ ልስረቅ ብል ግብረ ገብ ይይዘኛል። የዕለት ሒሳባችን በጥቂት ፍሬ የሚሠራ ስለነበር አሥራ አንዷ እስከ ሰኔ አደረሰችኝ። ከዚያ መምህር ተሰማ ፈተናው በወላጅ ፊት እንደሚሆን፣ ጠረጴዛው ላይም አርባውም ፍሬ እንደሚዘረገፍ ነገሩን። ያን ሳምንት እንቅልፌ ውስጥ እንኳ ጥጥ እፈትል ነበር።

እናም ያች ጠዋት ደረሰች። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ተጠርቶ ሲወጣ ማልቀስ ጀመርኩ። ሰዓዳ ከረጢቴን ነጥቃ ዳሰሰችው።

"ስንት ጎደለሽ?"

"ሃያ ዘጠኝ።"

"አንቺ ልጅ፣ ጥርስሽ ይርገፍ!" አለች፤ ወዲያው ግን የራሷን ፈትታ በወንበሩ ሥር ጣቷ እስኪጠፋብኝ ድረስ ፈጥና ሃያ ዘጠኝ ማሾ ቆጠረችልኝ። "እንቺ። ስትጨርሺ ቶሎ መልሺልኝ፤ ካንቺ ቀጥሎ እኔ ነኝ።"

ጠረጴዛው ላይ ስዘረግፈው ባቄላው ቡናማ፣ ማሾው አረንጓዴ፤ ጉድ ነው። አለቃ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነካኩት።

"ይቺ አረንጓዴዋ ምንድን ናት?"

"ማሾ ናት፣ አለቃ። የሰዓዳ ናት።"

መምህር ተሰማ ሳል ያዛቸው።

"ታዲያ ያንቺ ስንቱ ነው?" አሉ አለቃ።

"አሥራ አንዱ።"

"የሷስ?"

"ሃያ ዘጠኝ።"

"ባንድ ላይ?"

"አርባ።"

"ያንቺ የቀረው ወዴት ሄደ?"

አባቴን አየኋቸው፤ መቋሚያውን ጨብጠውታል። አይጥ ወሰደው ልል ነበር፤ ያ የግብረ ገብ ዜማ ግን ጆሮዬ ውስጥ ጮኸብኝ።

"በላሁት።"

"መቼ?"

"በሁዳዴ። ጉም ሲገባ።"

እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። የአባቴ መቋሚያ መሬቱን አንድ ጊዜ ደቃ አደረገው። አለቃ ግን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ "ስትበዪ ትቆጥሪ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ፣ አለቃ። ከአርባ ላይ አንድ ሲነሣ ሠላሳ ዘጠኝ፤ ከሠላሳ ዘጠኝ ሁለት ሲነሣ ሠላሳ ሰባት፤ ከሠላሳ ሰባት አንድ ሲነሣ ሠላሳ ስድስት..." ትንፋሽ ሳልወስድ እስከ አሥራ አንድ ወረድኩት።

አለቃ መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ቀጥሎ ጢማቸው፣ በመጨረሻ ወንበሩ ጭምር እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "መሪጌታ፣ ልጅዎ መደመሩን ከጓደኛዋ፣ መቀነሱን ከሆዷ ተምራለች! ስለ ጾሙ ትስገድ፤ ስለ ቁጥሩ ግን ትለፍ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ሊቆጡ ከንፈራቸውን ሰበሰቡት፤ ከንፈራቸው ግን እምቢ አላቸው። ባቄላውንም ማሾውንም አፍሼ ወደ ከረጢቴ ከትቼ ወደሳቸው በረርኩ፤ በልጅነቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ፊት ያቀፉኝ ያን ቀን ነው። ደጅ ይዘውኝ ወጥተው፣ "ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ስንት ያስቆጥሩሻል? ጎታዬን እንዳትጨርሺብኝ" አሉኝ፤ እኔም ሁለተኛ ክፍል የሚለውን ቃል እንደ ባቄላዋ እየመጠጥኩ ቆምኩ።

ከረጢቱ እጄ ላይ እንደከበደኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሮጬ ብመለስ በሩ በሰው ተዘግቷል። በመስኮት በኩል በሰው ብብት ሥር አጮልቄ አየሁ። ሰዓዳ ጠረጴዛው ፊት ቆማለች፤ ፊቷ የተዘረገፈው ማሾ አሥራ አንድ ፍሬ ብቻ ነው፤ እኔ የቀረኝን ያህል ቀርቷታል። "ሰዓዳ!" ብዬ ጠራኋት፤ ሰምታለች፣ ግን ዞር አላለችም። አውራ ጣቷ በጣቶቿ አንጓ ላይ ይመላለሳል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መምህር ተሰማ ጎንበስ ብለው ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ አላየሁም። ዝናቡ ወረደ፤ አባቴም ካባቸው ውስጥ ሸጉጠው ወሰዱኝ። ነገ እመልስላታለሁ አልኩ። ነገ ግን ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ክረምት ገብቷል።

መስከረም ላይ ሁለተኛ ክፍል ስገባ ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። የአክስቷ ቤት ተዘግቷል፤ አባቷ መጥተው ሁለቱንም ወደ ቆላ ወሰዷቸው አሉ። መምህር ተሰማም በክረምቱ ተዛውረዋል፤ አለቃን ለመጠየቅ ደግሞ አልደፈርኩም፤ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ማሾውን ጣራው ሥር ሰቅዬ ለሁለት ዓመት ጠበቅኋት፤ ጥሬ ነበርና ነቀዝ ጨረሰው። እኔ እስከ አራተኛ ተምሬ ትዳር ያዝኩ። ያችው አራተኛ ናት ዛሬ ይህን የምታስጽፈኝ።

አምና በዚያ ሳልፍ መኪና አስቁሜ አየሁት። ትምህርት ቤቱ ብሎኬት ሆኗል፤ መስኮቱ መስታወት አለው፤ ጉሙ መጥቶ መስታወቱን ነክቶ ይመለሳል። ለልጆቹ ደስ አለኝ፤ አይበርዳቸውም። አለቃም፣ አባቴም፣ እማዬም አርፈዋል። እዚያች ክፍል ውስጥ ከቆጠርኳቸው ሰዎች ስንቱ እንደቀረ በአሥር ጣቴ እቆጥረዋለሁ፤ ሁሉም ጣት አያስፈልገኝም። አንዷን ግን በየትኛው በኩል እንደምቆጥራት አላውቅም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በአልዩ አምባም ሆነ በታች በቆላው ያላችሁ፤ ሰዓዳ ትባላለች፤ አባቷ በበቅሎ ጨውና ጥጥ ይነግዱ ነበር፤ ቀኝ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ በጣቷ አንጓ ትቆጥራለች። እሷን ወይ ልጆቿን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ደኅና ናት? ያን ዓመት አልፋ ነበር?