ትንሿ ትራይፖድና ትልቁ ካሜራዬ

ዛሬ ባምቢስ አንድ ሱቅ ውስጥ ካሜራዬ በአፍጢሙ ሊደፋ ሲል በማንገቻው ያዝኩት።

ሻጯ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ፣ አውጥታ «አባባ፣ ይቺ ለማንኛውም ካሜራ ትሆንዎታለች» አለችኝ። ትንሿን ዲጂታል ካሜራዬን ጫንኩባት፤ ቀጥ ብላ ቆመች። ትልቁን ጭኜ በጣቴ ነካ ሳደርገው ግን እግሯ ተንሸራተተ።

«ሆን ብለው እኮ ነው የገፏት!»

«ንፋስ ከእኔ ይልቅ የሚራራላት ይመስልሻል?»

«ታዲያ በትንሿ ያንሱ።»

«በእሷ ስልሳ ሰው ሲነሳ የማንም ፊት አይለይም!»

ነገ ጠዋት የካዛንቺስ እድርተኞች አብረን ፎቶ እንነሳለን። ሰፈራችን ሊፈርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግማሹ ጎተራ፣ ግማሹ የት እንደሚገባ አላውቅም። የማነሳው እኔ ነኝ።

ቄራ ድረስ ሄጄ ሌሎች ትራይፖዶችንም አየሁ። ወይ ትራይፖዱ ካሜራዬን አይሸከም፣ ወይ እኔ እሱን አልሸከመው።

ማንም ሳያስተምረኝ አርባ ዓመት በእጄ ይዤ አንስቻለሁ። ትራይፖድ ለሰነፍ ነው ስል ነበር። አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ለሻጯ አልነገርኳትም።

ከተመለስኩ ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም። እጃችሁ እምቢ ያላችሁ ፎቶ አንሺዎች፣ ከባዱን ካሜራ ምን ላይ ታሳርፉታላችሁ? ዛሬውኑ ንገሩኝ።