ያልተከደነው ጉድጓድ

አህያዋ ጉድጓዳችን ውስጥ የወደቀችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መጀመሪያ የጀሪካን መንኳኳት ሰማሁ፤ ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር መሬት ሲመታ፣ ከዚያ እንስሳ ሲያቃስት። የማጥበውን ሰሃን ጥዬ ወጣሁ። የጎረቤታችን የውሃ ሻጯ አህያ ከነጭነቷ በጎኗ ተጋድማለች። ክው አልኩ። ለአህያዋ አዝኜ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ የደነገጥኩት ባለቤቷን አስቤ ነው።

ከሴትዮዋ ጋር ሰላምታ ካቆምን ቆይተናል። ባሏ የሞተባት የቦረና ሴት ናት፤ ማንያታ በሚሉት ሠፈራችን ውስጥ ቤት ለቤት ውሃ እያደረሰች አንዲት ልጇን ታሳድጋለች። አንድ ጊዜ አጥራችን ላልቶ ያቺው አህያ ገብታ የተከልኩትን ጎመን ሙልጭ አድርጋ በላችብኝ። እኔ ተሳደብኩ፣ እሷም አላነሰችም፤ በዚያው ተኮራረፍን።

ጉድጓዱን ያስቆፈርነው የዝናብ ውሃ ልናጠራቅምበት ነው፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ክዳኑን የሚሠራው ፉንዲ ዓርብ መስጊድ ስለሚሄድ፣ ቅዳሜ በጠዋት መጥቼ እመታዋለሁ ብሎን ነበር። የባሌ አባት እምቢ አሉ። አማቴ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ደርግ ሲወድቅ ከሠራዊቱ ጋር ድንበር ተሻግረው እዚሁ ኬንያ ሞያሌ አርጅተዋል። ሁለቱንም ሰንበት፣ ቅዳሜንም እሑድንም፣ አጥብቀው ያከብራሉ። ‹‹በቤቴ ቅዳሜ መዶሻ አይሰማም›› አሉና በጉድጓዱ ዙሪያ እሾህ ጣል አድርገን ለሰኞ ተውነው። እኔ ያደግሁት ጴንጤ ቤት ነው፤ ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ሥርዓት ነው፣ ክርስቶስ ከዚህ ሁሉ ፈቶናል ሲባል እየሰማሁ። ግን ባሌ ሎሪ ይዞ ናይሮቢ ሄዷል፣ የሚያግዘኝም የለ፤ እሳቸው እንዳሉት አደረግሁ።

ሴትዮዋ ‹‹ሀሬ ኮ! ሀሬ ኮ!›› እያለች አህያዋን እየተጣራች ስትሮጥ መጣች። ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ሳይክል የሚነዱ ልጆች፣ ከኦዳ መንደር ለገበያ የመጡ ዘመዶቿ፣ ከየት እንደበቀለ የማላውቀው ሰው ሁሉ ተከትሏት ግቢያችንን ሞላው። በዚህች ከተማ ከትንሽ ጠብ ትልቅ እሳት ሲነሳ አይተናል። ማን የማን ወገን ነው መባል ከተጀመረ ደግሞ እኛ ጥቂት ነን። ፈራሁ። አፌ ግን እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

‹‹አህያሽ ግቢዬ ምን ልትሠራ ገባች?››

‹‹አንቺ መንገድ ላይ ጉድጓድ ትቆፍሪያለሽ?››

‹‹የምን መንገድ! አጥሬ ውስጥ ነው!››

‹‹የታለ አጥሩ?›› አለች፣ በእግሯ የወደቀውን እሾህ እየገፋች።

‹‹ቺፍ ይጠራ!›› አለ አንዱ፣ የሠፈሩን ሹም ማለቱ ነው።

‹‹ቺፍ ምን ያደርጋል? እኛው እንጨርሰዋለን›› አለ አንድ ረጅም ወጣት፣ ወደ እኔ እየተጠጋ።

ይሄኔ አማቴ አካፋ ይዘው ከጓሮ ብቅ አሉ። ሴትዮዋን ‹‹ፖሌ ልጄ፣ ፖሌ ሳና›› አሏት፣ አይዞሽ ማለታቸው ነው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አህያዋ የምትወጣበትን ተዳፋት ለማበጀት የጉድጓዱን አፍ መናድ ጀመሩ። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ቅዳሜ ገመድ እንኳ የማይቋጥሩ ሰው ናቸው። ጥቂት ቆይቶ ያ ረጅሙ ወጣት ዶማ አንስቶ አጠገባቸው ገባ።

በገመድ ጎትተን አወጣናት፤ ግን የፊት እግሯ ተሰብሯል። ሴትዮዋ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። ሰዉም እንደገና መንጫጫት ጀመረ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

‹‹የእኛ ነው›› አሉ አማቴ። ‹‹ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የወደቀበትን እንስሳ ይተካል። የኦሪት ሕግ ነው።››

‹‹አባባ፣ እኛ እኮ ክርስቲያን ነን›› አልኳቸው በጆሯቸው።

‹‹ለክርስቲያን ጉድጓድ ክፍት መተው ተፈቅዷል?››

ቀጥ ብለው ሄደው የእኔን አህያ ፈቱት። ከድንበር ወዲያ የሚመጣውን ጤፍና ሽንኩርት ለደንበኞቼ የማደርሰው በእሱ ነው፤ ሌላ እንጀራ የለኝም። ገመዱን ሴትዮዋ እጅ ላይ አኖሩት። ተመስገንም ይቅርም ሳትል እየነዳችው ወጣች።

ሰዉ ሲበተን ፈነዳሁ። ‹‹ክዳኑን የከለከሉት እርስዎ! አሁን ሰንበቱንም ሻሩ፣ አህያዬንም ሰጡ! ምን ቀረን?››

‹‹ልክ ነሽ፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ›› አሉ፣ አፈር ከእጃቸው እያራገፉ። ‹‹ሰንበቱ በእኔና በእግዜር መካከል ነው፤ እሱ መሐሪ ነው፣ ይታረቀኛል። የሷን ግን እሱም አይተውልኝም።››

ከዚያ የማላውቀውን ነገሩኝ። ልጅ እያሉ ጎረቤቶቻቸው ቤተ እስራኤል ነበሩ። አስተስርዮ የሚሉት የጾም በዓላቸው ሲቃረብ አንድ ሽማግሌያቸው እነሱ ቤት መጣና የአማቴን አባት፣ ክርስቲያኑን ሰው፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። እግዜርን የበደልኩትን እግዜር ይምረኛል፣ አንተን የበደልኩትን ግን አንተ ካልማርከኝ ጾሜ ምን ያደርግልኛል አለው። ‹‹አባቴ ከዚያ ወዲህ ሰው እንደተቀየመው ቆርቦ አያውቅም›› አሉ። እኔ ይቅርታን የወንጌል ብቻ አድርጌ ነበር የማውቀው። ቢሆንም ንዴቴ አልበረደም።

አማቴ በማግስቱ፣ እሑድ፣ ሊቆርቡ አስበው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሳይቆርቡ ተመለሱና ‹‹ነይ፣ እሷ ዘንድ እንሂድ›› አሉኝ።

‹‹ተካንላት አይደል?››

‹‹ተካን እንጂ አልታረቅንም። ደግሞ ስድቡ ያንቺ ነው።››

ሳልወድ ተከተልኳቸው። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ጀሪካን ታጥባለች፤ አህያዬ አጠገቧ ታስሯል። እሱን ሳይ እንባዬ መጣ። አማቴ ጎንበስ ብለው ‹‹ይቅር በይኝ ልጄ›› አሏት። እሳቸውን አላየቻቸውም፤ እኔን ነው ያየችኝ።

‹‹አንቺስ?››

‹‹አህያሽን ተክተንልሻል›› አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

ወደ ውስጥ ተጣራች። አንዲት ትንሽ ልጅ እርጥብ ጣሳ እንደያዘች ወጣች።

‹‹ጠዋት ጠዋት ከአህያዋ ፊት ፊት የምትሄደው እሷ ናት›› አለች። ‹‹ትናንት አሟት ቀረች። እሺ፣ አህያውን ሰጣችሁኝ። ይህቺንስ በምን ትተኩልኝ ነበር?››

ልጅቷ ምን እንደተባለ ሳይገባት ቀና ብላ አየችኝ። ከትናንት ጀምሮ ለአህያዬ ሳለቅስ የነበርኩት እኔ፣ ደጃፏ ላይ ተንበረከክሁ። ‹‹ይቅር በይኝ›› አልኳት፣ ያን ጊዜ ከልቤ። እሷ ግን ይቅር ሳትለኝ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።